ኮንስታንቲን ፋልበርግ፦ የሳካሪን ታሪክና ክብደት ከቀነሱ በኋላ የስኳር ምትክ አጠቃቀም

ክብደት እንዲቀንስ በሐኪም የተመከረ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚተወው የሻይና የቡና ስኳርን ነው። ቄራ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ጥቂት ቢቀመጡ፣ ከኪሱ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አውጥቶ አንዲት ነጭ ፍሬ በብርጭቆው ውስጥ የሚጥል ሰው ያጋጥምዎት ይሆናል። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ይህ ነገር ካንሰር ያመጣል እያለ ያስፈራራዋል፤ ሌላው ደግሞ ያከሳል እያለ ያደፋፍረዋል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከስኳር ምትኮች ሁሉ ቀድሞ ለገበያ የበቃው ሳካሪን ሲሆን፣ ያገኘው ኬሚስት በሕይወት ሳለ ሐኪሞች ለውፍረት ያዙት ነበር፣ መንግሥታት ይከለክሉት ነበር፣ ሰዎችም በድብቅ ድንበር ያሻግሩት ነበር። የዚህን ሰው ሕይወት ማወቅ ዛሬ እርስዎ ለሚጠይቁት ጥያቄ ይጠቅማል። እሱ ስለ ሳካሪን መጀመሪያ የደረሰበት ነገር፣ ማለትም ፍሬዋ በሰውነት ውስጥ ምን እንደማታደርግ፣ ክብደት ከቀነሱ በኋላ ምን ያህል ልትረዳዎ እንደምትችል ለመረዳት እስካሁን ዋናው ቁልፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስኳር ባለሙያው

ኮንስታንቲን ፋልበርግ በታኅሣሥ 1850 ታምቦቭ በምትባል የሩሲያ ከተማ ተወለደ። በሞስኮና በበርሊን ከተማረ በኋላ በ1873 ከጀርመኑ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የሚገርመው ሙያው ስኳር መሆኑ ነው። ከሸንኮራ አገዳና ከስኳር ቀይ ሥር የሚወጣውን ስኳር እየመረመረ ንጹሕ ነው፣ አይደለም ብሎ መመስከር የሚችል ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ስኳር ትልቅ የንግድ ዕቃ ስለሆነ እንዲህ ያለ ባለሙያ በየወደቡ ይፈለግ ነበር።

በዚሁ ሙያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በባልቲሞር ከተማ አንድ አስመጪ ድርጅት ያስገባው ስኳር በጥራቱ ምክንያት በመንግሥት ተይዞበት ስለነበር ፋልበርግን መርምሮ በፍርድ ቤት እንዲመሰክርለት ቀጠረው። ድርጅቱ የራሱ ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ ስለዚህ በአዲሱ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአይራ ሬምሰንን ቤተ ሙከራ ተከራየለት። ሬምሰን በኬሚስትሪ የታወቀ ፕሮፌሰር ነበር። ፋልበርግ የስኳሩን ምርመራ ጨርሶ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ሲጠባበቅ ከሬምሰንና ከተማሪዎቹ ጋር ተግባባ፤ እዚያው ቆይቶ በእነሱ ምርምር እንዲሳተፍም ተፈቀደለት። ምርምሩ ግን ከስኳር ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጡ ውሕዶችን የሚመለከት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ጎራ ብንል፣ በዚያ ዘመን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ስኳር የሚባለውን ነገር አያውቀውም ነበር። ቡናው በጨው ወይም በቅቤ፣ ካለም በማር ይጠጣ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። ሻይ ያለ ሦስት ማንኪያ ስኳር አይጠጣም የሚለው ልማዳችን እንግዲህ የአያቶቻችን ሳይሆን የአባቶቻችን ዘመን ልማድ ነው። ምላስ የለመደውን መልሶ መርሳት እንደሚችል ለማስታወስ ያህል ነው።

ያልታጠበ እጅ

በ1878 አንድ ምሽት ፋልበርግ በሥራ ተጠምዶ እራቱን ረስቶ ቆየ። በኋላ እጁን ሳይታጠብ በችኮላ ወደ ማዕድ ቀረበ። ዳቦውን ሲቆርስ ከመጠን በላይ ጣፈጠው። ኬክ መስሎት አፉን በውሃ ተጉመጠመጠ፤ ጢሙን በናፕኪን ሲጠርግ ናፕኪኑ ከዳቦው ይበልጥ ይጣፍጣል። ብርጭቆውንም ጣቶቹ በነኩት በኩል ሲያነሳ ውሃው እንደ ሽሮፕ ሆነበት። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ላሰ። ከዚያ እራቱን ትቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሮጠ፤ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎችና ሳህኖች አንድ በአንድ እየቀመሰ ጣፋጩን አገኘው። (ይህን ማንም እንዳይሞክረው። ከብርጭቆዎቹ በአንዱ መርዝ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር።)

ያገኘው ንጥረ ነገር ከስኳር ከ300 እስከ 400 እጥፍ ገደማ የሚጣፍጥ ነጭ ዱቄት ነው። በ1879 እና በ1880 ፋልበርግና ሬምሰን ግኝቱን በጋራ አሳተሙ። ጣፋጭነቱን ጠቅሰውታል፤ ገንዘብ ያመጣል ብሎ ግን በዚያን ጊዜ ያሰበ ያለ አይመስልም።

ፋልበርግ ቀጥሎ ያደረገው ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ነው። ዱቄቱ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ራሱን መሞከሪያ አደረገ። 10 ግራም ዋጠ፤ ለ24 ሰዓት የሚመጣውን ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ሽንቱን ሲመረምር የዋጠው ሳካሪን ከሞላ ጎደል እንዳለ ወጥቷል። ሰውነት አልፈጨውም፣ ወደ ኃይል አልቀየረውም፣ አላከማቸውም ማለት ነው። መጠኑን ለማነጻጸር፦ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2024 ያወጣው የዕለት ጣሪያ በኪሎ ክብደት 9 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 630 ሚሊግራም ይሆናል። ፋልበርግ በአንድ ጊዜ የዋጠው የዚህን 16 እጥፍ ገደማ ነው።

በአንድ ሰው ላይ ለአንድ ቀን የተደረገ ሙከራ በዛሬ መለኪያ ማስረጃ አይባልም። ያም ሆኖ መሠረታዊ ግኝቱ ከመቶ ዓመት በላይ በተደረገ ምርምር አልፈረሰም፤ ሳካሪን በአብዛኛው ሳይፈጭ በኩላሊት በኩል ይወጣል፣ ካሎሪም አይሰጥም። የምላስ ጉዳይ ነው። የጣፋጭ ስሜት ይሰጣል፣ ከዚያ በሽንት ይሄዳል።

ሀብት፣ ጠብና ክልከላ

በ1884 ፋልበርግ ሬምሰንን ሳያሳውቅና ስሙን ሳያካትት በተለያዩ አገሮች የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ። ስሙንም ሳካሪን አለው። በኒው ዮርክ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ሆኖ በቀን 5 ኪሎ እያመረተ ለመጠጥ ማጣፈጫ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ከዘመዱ ከአዶልፍ ሊስት ጋር በጀርመን ማግደቡርግ አጠገብ ሳልብከ በምትባል ቦታ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ፋብሪካው በ1887 ሥራ ጀመረ። ፋልበርግ ባለጸጋ ሆነ።

ሬምሰን ገንዘቡን የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ግኝቱ በእሱ ቤተ ሙከራ፣ በእሱ የምርምር ሐሳብ ሆኖ ሳለ ፋልበርግ ብቻውን ያገኘው አስመስሎ ማውራቱ ግን ዕድሜ ልኩን አንገበገበው። ማን ትክክል ነበር? በእኔ ግምት ሁለቱም የየድርሻቸው እውነት ነበራቸው። ውሕዱ የተገኘው በሬምሰን መንገድ ነው፤ ከመደርደሪያ አውጥቶ ለገበያ ያበቃው ግን ፋልበርግ ነው።

ሐኪሞች ሳካሪንን ወዲያው ተቀበሉት። ለራስ ምታት፣ ለማቅለሽለሽ፣ ለውፍረትም ጭምር ያዙት ነበር። ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ መድኃኒት እንዳልሆነ ዛሬ ግልጽ ነው። የውፍረቱ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አብሮን ዘልቋል።

የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ በቡናቸው ይጨምሩት ጀመር። በፋልበርግ ዘመን ኢንሱሊን አልነበረም። አንድ ልጅ የስኳር ሕመም ከያዘው ብዙ ጊዜ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር፤ ሐኪም የሚችለው ምግቡን መቀነስ ብቻ ነበር። ሳካሪን ለእነዚህ ሰዎች ከጠፋባቸው ጣዕም ጥቂቱን መለሰላቸው እንጂ አላዳናቸውም። ያዳናቸው ከ1921 እስከ 1922 በካናዳ ቶሮንቶ የተገኘው ኢንሱሊን ነው። የዚያ መድኃኒት ጥሬ ዕቃ የመጣው ከየት እንደሆነ ለቄራ ሰው መንገሩ ደስ ይላል፤ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ባልደረቦቹ ያወጡት ከከብት ማረጃ ካመጡት የጥጃና የበሬ ቆሽት ነበር። ከዚያም በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የዓለም ኢንሱሊን ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ይዘጋጅ ነበር። በየቄራው የሚወገደው ያ ለስላሳ ሥጋ የብዙ ሚሊዮን ሰው ሕይወት አቆይቷል።

የስኳር አምራቾች ዝም አላሉም። ከስኳር ይልቅ እጅግ የሚረክስ ማጣፈጫ ገበያቸውን ሊወስድ ሆነ። ጀርመን በ1902 ባወጣችው ሕግ ሳካሪን ለምግብና ለመጠጥ እንዳይውል ተከለከለ፤ በፋርማሲ በኩል ለሕሙማን ብቻ ይሸጥ ተባለ። የማምረት ፈቃድ የቀረው ለፋልበርግ ፋብሪካ ብቻ ነበር። በስዊዘርላንድ ግን ማምረቱ ስለቀጠለ ኮንትሮባንዲስቶች በልብሳቸው ውስጥ እየደበቁ ያሻግሩት ነበር። ልብ ይበሉ፤ የክልከላው መነሻ በዋናነት የገንዘብ ነበር። ዛሬም ስለ ስኳር ምትክ የሚወራውን ሲሰሙ፣ የሚያወድሰውም የሚያወግዘውም የሚሸጠው ነገር እንዳለው መጠርጠር አይከፋም።

በአሜሪካም ጉዳዩ እስከ ቤተ መንግሥት ደረሰ። የምግብ ቁጥጥር ኃላፊው ሃርቪ ዋይሊ ሳካሪን ጤና ይጎዳል ብሎ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሲናገር ፕሬዚዳንቱ ተቆጡ፤ የገዛ ሐኪማቸው በየቀኑ ይሰጣቸው ነበርና። ነገሩን የሚያጣራ የሳይንቲስቶች ቦርድ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ማን ሆነ? አይራ ሬምሰን። በቀን እስከ 0.3 ግራም መውሰድ ለረጅም ጊዜም ቢሆን አይጎዳም፣ ከ1 ግራም በላይ ግን የምግብ መፈጨትን ሊያውክ ይችላል የሚል ውጤት ላይ ደረሱ። ፋልበርግ ይህን አልሰማም። ነሐሴ 15 ቀን 1910 በጀርመን ናሳው በ59 ዓመቱ አርፎ ነበር።

ከእሱ በኋላ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስኳር ሲጠፋ ሳካሪን በየቤቱ ገባ። የካንሰሩ ወሬ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1970ዎቹ እጅግ ብዙ ሳካሪን በተመገቡ አይጦች ላይ የፊኛ ካንሰር ታየ። በ1977 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ሊያግደው ሲል ሕዝቡ ጮኸ፤ ምክር ቤቱም እገዳውን አቁሞ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲጻፍ አደረገ። በኋላ የተደረጉ ምርምሮች የአይጦቹ ካንሰር የመጣው በአይጥ ሽንት ልዩ ጠባይ ምክንያት መሆኑንና በሰው ላይ እንደማይሠራ አሳዩ። በ2000 ሳካሪን ከተጠርጣሪ የካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ወጣ፣ ማስጠንቀቂያውም ተነሳ። በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚሰሙት ፍርሃት እንግዲህ የዚያ የ1977 ወሬ ትራፊ ነው።

ክብደት ከቀነሱ በኋላ ሰውነት ምን ይሆናል?

ወደ እርስዎ ጥያቄ እንምጣ። ከ92 ኪሎ ወደ 80 ወርደዋል እንበል። ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን እዚህ ላይ ነው።

ሰውነት ሲያንስ የሚያስፈልገው ምግብም ያንሳል። 92 ኪሎ ሳሉ ክብደትዎን የማይጨምረው ምግብ አሁን ይጨምረዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሰውነት የጠፋውን ስብ እንደ ኪሳራ ስለሚቆጥረው ሊያስመልሰው ይሞክራል። ከስብ የሚመነጨውና ጠግበሃል የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚወስደው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሱት ይጨምራሉ። በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት ክብደት ካስቀነሰ በኋላ ተከታትሎ፣ ከዓመት በኋላም የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ሆዳም ወይም ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ብዙ ነቀፋ ይቀር ነበር።

በሌላ በኩል የቀነሱት ክብደት ካልተመለሰ ጥቅሙ ትልቅ ነው። በጉበትና በቆሽት ዙሪያ የተከማቸው ስብ ሲቀንስ ኢንሱሊን በደንብ መሥራት ይጀምራል፤ የደም ግፊትና የደም ቅባት ይሻሻላል። በ2017 በብሪታንያ ይፋ የሆነው ዳይሬክት የተባለ ጥናት፣ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከጀመራቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች ክብደት አስቀንሶ፣ ከዓመት በኋላ 46 ከመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ደረጃ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ክብደቱ ሲመለስ ግን ስኳሩም አብሮ ይመለሳል። ዋናው ሥራ መቀነሱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የፋልበርግ ዱቄት ለማቆየት ይረዳል?

በ2025 ውጤቱ የታተመ ስዊት የተባለ የአውሮፓ ጥናት ይህንኑ ጠይቋል። በዴንማርክ፣ በግሪክ፣ በኔዘርላንድስና በስፔን 341 ውፍረት ያላቸው አዋቂዎች ተሳተፉ። መጀመሪያ ለሁለት ወር ጥብቅ በሆነ ዝቅተኛ ካሎሪ ምግብ ቢያንስ የክብደታቸውን 5 ከመቶ ቀነሱ። ከዚያ ለ10 ወር ሁለቱም ቡድን ስኳር የቀነሰ ጤናማ ምግብ እንዲመገብ ተደረገ፤ አንደኛው ቡድን ግን በስኳር ምትክ የጣፈጡ ምግቦችንና መጠጦችን እንዲጠቀም ተፈቀደለት፣ ሌላው ተከለከለ። በዓመቱ መጨረሻ ምትክ የተጠቀሙት ክብደታቸውን በአማካይ 1.6 ኪሎ በተሻለ አቆዩ። በልብና በስኳር ሕመም መለኪያዎች ግን በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስብጥርም ተለውጧል።

1.6 ኪሎ ብዙ አይደለም፣ ምንም ማለትም አይደለም። የፋልበርግን የሽንት ምርመራ ካስታወሱ ውጤቱ አያስገርምም። ሳካሪኑ ራሱ ስብ አያቃጥልም፣ የደም ስኳርም አያወርድም። የረዳው የስኳሩን ቦታ ስለያዘ ነው።

ከዚህ በፊት በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት የስኳር ምትኮችን ክብደት ለመቆጣጠሪያ ብሎ መጠቀምን እንደማይመክር አስታውቆ ነበር። ይህ ምክር የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አያካትትም፤ ብዙ ሰው ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳያነብ ደንግጧል። ድርጅቱ የተመለከታቸው የረጅም ጊዜ ጥናቶች ምትክ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ብዙ የስኳርና የልብ ሕመም ማየታቸው እውነት ነው። ችግሩ ቀድሞውኑ የወፈሩ ወይም ለስኳር ሕመም የተቃረቡ ሰዎች ናቸው ከሌላው ይልቅ ወደ ምትክ የሚሄዱት። የቱ ከየቱ እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። በ2022 ደግሞ በእስራኤል በ120 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ሳካሪንና ሱክራሎዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከምግብ በኋላ የሚታየውን የደም ስኳር ሲያስጨምሩ ታይቷል፤ ውጤቱም ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ በሳካሪን እንዲህ ያለ ለውጥ አላገኘም። የደም ስኳር መለኪያ ቤትዎ ካለ በራስዎ ላይ ማየት ይችላሉ።

በየቀኑ ኑሮ

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም፣ 190 ካሎሪ አካባቢ ይወስዳል። ይህን በሳካሪን ቢተካ ከአንድ ትንሽ ዳቦ የሚመጣጠን ቅናሽ ነው። ዳቦውን ስኳር ትቻለሁ በሚል ተጨማሪ ከበላው ግን ቅናሹ እዚያው ያልቃል።

ቄራ ሥጋ ቤት ከጓደኞችዎ ጋር ሲቀመጡም ሒሳቡ ያው ነው። ጮማው ስኳር የለውም፤ ኃይሉ ግን ከስኳር በእጥፍ ይበልጣል፣ የሚለካው በግራም እንጂ በጣፋጭነት አይደለምና። ቢራውም እንዲሁ አይጣፍጥም፣ ያወፍራል። ከጎኑ የሚቀርበው 300 ሚሊሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሰባት ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር ይዟል። እሱን ስኳር በሌለው ዓይነት መለወጥ ይጠቅማል፤ በአምቦ ውሃ ወይም በተራ ውሃ መለወጥም ያንኑ ያህል ይጠቅማል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ከባዱ ጊዜ ፋሲካና ሌሎች በዓላት ናቸው። በሁለት ወር ጾም የወረደ ክብደት በሁለት ሳምንት ሲመለስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ። ፍሬዋ ስንት ሚሊግራም እንደያዘች ይጻፋል። በትንሽ ወረቀት የታሸጉት ዱቄቶች መጠን እንዲኖራቸው ዴክስትሮዝ የሚባል እውነተኛ ስኳር ሊጨመርባቸው ይችላል። ሶርቢቶልና ማልቲቶል ያሉባቸው ከረሜላዎች ካሎሪ አላቸው፣ ሲበዙም ያስቀምጣሉ። ለስኳር ሕመምተኞች ተብሎ የሚሸጥ ብስኩት ዱቄትና ቅባት እንዳለው ሁሉ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ሳካሪን በፈላ ሻይ አይበላሽም፤ ሲበዛ ግን ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ቀስ በቀስ ይቀንሰውና ያልጣፈጠ ሻይ ይለምዳል። እርጉዝ ከሆኑ ከመጠቀምዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ክብደትዎ ሳያስቡት ከቀነሰ ደግሞ፣ በተለይ ውሃ ጥምና የሽንት መብዛት ካለ፣ ነገሩ ጥሩ ዜና ላይሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ክኒኖች የሚወስዱ ሰዎች ክብደታቸው ሲቀንስ የድሮው መጠን ሊበዛባቸውና የደም ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። የግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ሊበዛ ይችላል። መጠኑን ራስዎ አይቀንሱ፤ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቤተሰብ ምልክቱን ቢያውቀው መልካም ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት። በዚህ ጊዜ ሳካሪን ምንም አይሠራም፤ ፋልበርግ በራሱ ሽንት እንዳየው ሳይነካ ያልፋል። ስኳር የሌለው ለስላሳም እንዲሁ። የሚያስፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው፤ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጠው ያጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልተሻለው ይድገሙ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሳካሪኑን ዕቃ በሚይዝበት ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቂት ስኳርም ይያዝ፤ የቱ የቱ እንደሆነም አብሮት የሚውል ሰው ይወቅ።